ቤቱን የማያውቅ ፍየል

ማክሰኞ ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ናይሮቢ ውስጥ አንዲት ሐኪም ለጋልጋሎ ትልቁ አንጀቱ ከሆዱ መውጣት እንዳለበት ነገረችው። ሚስቱ ቢፍቱ ሰዓቱን አትረሳውም። ከሐኪሟ ራስ በላይ ግድግዳው ላይ ሰዓት ተሰቅሎ ነበር፤ እሷም የባሏን ፊት ላለማየት ስትል እሱን ታይ ነበር።

ጋልጋሎ የሚያየው ሐኪሟን ነው።

"ስንት ክንድ ነው የሚወጣው?" ሲል ጠየቀ።

ዶክተር ሜርሲ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላት አያውቅም መሰል፣ እጆቿን ዘርግታ ለካች። "ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል።"

"ሁሉም ማለት ነዋ።"

"ትልቁ ሁሉም። ትንሹ ይቀርልሃል።"

ጋልጋሎ በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ የታወቀ የከብት ደላላ ነበር። ከድለላው ይልቅ የታወቀው ግን አንጀት በማንበብ ነው። የእሱ ወገን የሆኑት ቦረናዎች ከበድ ያለ ጉዳይ ሲገጥማቸው ፍየል ያርዱና አንጀቱንና ሞራውን ሳይበጠስ ዘርግተው ለሚያውቅ ሰው ያሳያሉ። የሚያውቀው ሰው የደም ሥሩን፣ ነጥቡንና እጥፋቱን እያየ ዝናብ ይመጣል፣ ዘራፊ ይመጣል፣ እንግዳ ይመጣል ይላል። ጋልጋሎ ይህን ከአባቱ ተምሯል። በእነሱ ቤት አነባበብ መሐል ላይ እንደ ቀንድ አውጣ የሚጠቀለለው ትልቁ አንጀት መንደሩ ነው፤ ዙሪያውን የሚዞረው ትንሹ አንጀት ደግሞ ወደ መንደሩ የሚመጣውና ከመንደሩ የሚሄደው መንገድ ነው።

"ዶክተር" አለ፣ "መንደሩን አፍርሰሽ መንገዱን ብቻ ልትተይልኝ ነው?"

ሐኪሟ አልገባትም። ቢፍቱ አስረዳቻት። ዶክተር ሜርሲ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "ያ የፍየል ነው" አለች። "የሰው ትልቁ አንጀት አይጠቀለልም። እንደ በር መቃን ነው ሆድ ውስጥ የቆመው።"

ጋልጋሎ ይህን አያውቅም ነበር። ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ በአውቶቡስ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ያሰበው ስለ ካንሰር ሳይሆን ስለ በር መቃኑ ነው።

የሐኪሟ ነገር ሲያጥር እንዲህ ነው። ጋልጋሎ ለዓመታት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነበረበት። ሞያሌ ውስጥ ሆዱን የታመመ ሰው ሁሉ አሜባ አለበት፤ ስለዚህ ጋልጋሎም አሜባ ነበረበት፣ የአሜባ ኪኒን ሲውጥ ኖረ። ኋላ ዓይኑ ቢጫ ሲሆንና ገላው ያለ ሽፍታ ሲያሳክከው አሜባው ወደ ዓይን ይወጣ እንደሆን የጠየቀ ሰው አልጠፋም። ናይሮቢ ሲመረመር ግን ሁለት በሽታ ተገኘበት፤ እንደ ወንድማማች ተያይዘው የሚሄዱ ናቸው። አንደኛው ትልቁን አንጀት የሚያቆስል ነው። ሁለተኛው ጉበት ውስጥ ያሉትን የሐሞት ቱቦዎች እያጠበበ ጉበቱን ቀስ በቀስ ጠባሳ የሚያደርግ ነው። አሁን ደግሞ አንጀቱ ውስጥ ወደ ካንሰር የሚያመሩ ሴሎች ታይተዋል። አንጀቱን አውጥቶ መገላገል ይቻላል። ጉበቱ ግን ዛሬ ቢላ ይችላል፤ ከዓመት በኋላ ላይችል ይችላል።

መንገዱም ሁለት ነው። ወይ የትንሹን አንጀት ጫፍ በሆድ ቆዳ አውጥቶ ከረጢት ማንጠልጠል ነው። ወይ ከትንሹ አንጀት ውስጥ ለውስጥ ቋት ሠርቶ እንደ ቀድሞው ሽንት ቤት መቀመጥ ነው። እንደ እሱ ጉበቱ የታመመ ሰው ከረጢቱን ቢመርጥ የአንጀቱ አፍ ዙሪያ ሊደማ ይችላል። ቋቱን ቢመርጥ ደግሞ ቋቱ ደጋግሞ ይቆስላል።

"ሁለቱም መጥፎ ናቸው ማለት ነው" አለ ጋልጋሎ።

"አዎ" አለች ዶክተር ሜርሲ። "ግን አንዱን ትመርጣለህ።"

"በድርቅ ጊዜ በሬ እንደ መግዛት ነው" አለ ጋልጋሎ፤ ሐኪሟን የወደዳት ያኔ ነው።

ቢፍቱ ሀገረ ማርያም ተወልዳ፣ መንግሥት ሲለወጥ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ተሰድዳ ኬንያ የገባች፣ ከዚያም እዚያው የቀረች ሴት ናት። ማንያታ ሰፈር ውስጥ ልባሽ ልብስ ትሸጣለች። ጴንጤ ናት። ጋልጋሎ አማርኛ የተማረው ከድንበሩ ማዶ ከብት ሲሸጥ ስለሆነ፣ ከሚስቱ ጋር ሲያወራ እንኳ ዋጋ የሚከራከር ይመስላል። አንድ ልጃቸው ሻሮን ናይሮቢ ኮሌጅ ናት። እንግዲህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እነሱ ሁለቱና በሽታው ናቸው፤ ቢፍቱም ነገሩ ባልና ሚስት የሚጨርሱት መስሏት ነበር።

የጋልጋሎ ታላቅ ወንድም ሶራ ግን "ቤተሰብ ሳይቀመጥ ሆድ አይከፈትም" አለ።

ቤተሰቡ ከሞያሌ ዳር ባለችው ቡቲዬ፣ ሶራ ግቢ ያለው ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ሶራን ቢፍቱ በበኩር ልጁ ስም "አባ ሊበን" ትለዋለች። ፍየል መታረድ ነበረበት፤ የሶራ ፍየሎች ግን ሣር ፍለጋ ወደ ሶሎሎ ሄደዋል። ስለዚህ ሶራ በጠዋት ገበያ ወርዶ አንዱን ገዝቶ መጣ። ፍየሉ ታረደ፣ አንጀቱ ተዘረጋ። ከተቀመጡት ውስጥ ከጋልጋሎ የተሻለ አንባቢ ስላልነበረ የራሱን ጉዳይ ራሱ እንዲያነብ ተባለ። እጁን ታጥቦ አጎነበሰ።

"ምን ይላል?" አለ ሶራ።

"የዚህ ፍየል ጌታ ከሚስቱ ወንድም ጋር በመሬት ይካሰሳል።"

"ከዚያስ?"

"ይሸነፋል።"

"እኛ የጠየቅነው ስላንተ ነው!"

"እኔን በምን አውቆኝ? ዛሬ ጠዋት ከገበያ የመጣ ፍየል ስለ እኔ ሆድ ምን ያወራል?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሀላኬ ነው፤ ጥርስ የሌለው፣ ቀልደኛ። "እውነቱን ነው" አለ። "ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም።"

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አንጀቱ የሚናገረው ጠያቂው ቤት የኖረ፣ በዚያ ቤት በር የገባና የወጣ ፍየል ነው። የገበያ ፍየል የሚያወራው የገበያ ወሬ ነው። ሶራ የስልሳ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ይህን መርሳቱ አሳፈረው። ሥጋው ተበላ። የፍየሉ ሻጭ እውነት ተካስሶ እንደሆነ ማንም ሄዶ አልጠየቀም።

ቀጥሎ የተወሰነው ጋልጋሎ ማንያታ ቤቱ ውስጥ ፍየል እንዲያኖር ነው። ቤቱን ሲያውቅ ይታረዳል፣ ይነበባል፣ ከዚያ ስለ ቀዶ ጥገናው ይወሰናል።

"ቤቱን ለማወቅ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?" አለች ቢፍቱ ከሴቶቹ መሐል።

"እንደ ፍየሉ ነው፣ የሻሮን እናት" አለ ሶራ።

ግራጫ ሙኩት ተገዝቶ መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት የሹራብ እጅጌ በላ። በሁለተኛው የልጅ ቀሚስ። ቢፍቱ ልብሶቹን ወደ ላይ ሰቀለች፤ ሙኩቱ በኋላ እግሮቹ መቆም ለመደ። ጎረቤቷ ሀዋኦ በየቀኑ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለች ትጠይቃለች።

"ፍየሉ አወቃችሁ?"

"እየለመደን ነው።"

"በፊቱ ከባልሽ ጋር እንዳትጣዪ። ኋላ ሽማግሌ ፊት ይመሰክርብሻል።"

ቢፍቱ ጴንጤ ናት፤ በዚህ ሁሉ አታምንም። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ባሏ ስታማርር ድምፅዋን ቀነስ ስታደርግ፣ አንዳንዴም ፍየሉ ወዴት እንደሆነ ዞር ብላ ስታይ ራሷን ታገኘዋለች።

ጋልጋሎ በዚህ መሐል ከሳ። ምሳ በልቶ ሳይጨርስ ይነሳል፤ ጓሮ ደርሶ ሲመለስ ምሳው ቀዝቅዟል። ጀርባውን ከበሩ መቃን ላይ እያሻሸ ይቆማል፤ ማሳከኩ የጉበቱ ነው። ዶክተር ሜርሲ ስልክ ደወለች።

"ማማ ሻሮን፣ ቀን ልያዝላችሁ?"

"ቤተሰቡ ገና እየመከረ ነው፣ ዶክተር።"

"ቤተሰቡ ይምከር። ጉበቱ ግን አይመክርም።"

ቢፍቱ ስልኩን ዘጋችና ግቢውን አየች። ፍየሉ ጥላ ውስጥ ተኝቶ ያመሰኳል። ጋልጋሎ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም የሚቸኩሉ አይመስሉም።

"ይኼ ፍየል ቤቱን ካወቀ ሰነበተ" አለች። "ከሱቅ ስመለስ በር ላይ ይቀበለኛል። አንተ እንኳ እንዲህ ተቀብለኸኝ አታውቅም።"

"ገና ነው።"

"ምን ቀረው? መታወቂያ ይውጣለት?"

"መታወቂያማ እኔም ስንት ደጅ ጠንቼ ነው የወጣልኝ። ኬንያ ውስጥ ተወልጄ።"

"አትቀልድብኝ፣ ጋልጋሎ። ዶክተሯ ደውላለች። ጉበትህ እየጠበቀህ አይደለም። ይህን ፍየል ነገ ማረድ ትችላለህ። ለምንድነው የማታርደው?"

ጋልጋሎ የፍየሉን ቀንድ ይዞ ወዲያና ወዲህ አደረገው። ፍየሉ ዝም አለው።

"ቢፍቱ፣ እኔ ከሆድ የወጣ አንጀት በሕይወቴ ብዙ አይቻለሁ" አለ። "ባለቤቱ በሕይወት ያለ አንድም አላየሁም።"

ቢፍቱ ይህን ሁሉ ጊዜ ፍየሉን ስትራገም ኖራ፣ ነገሩ ከፍየሉ ጋር አልነበረም። ገብታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች፤ ለዓይኗም ምክንያት ሆናት።

በማግሥቱ እሷ ለዶክተር ሜርሲ ደወለች። ቀን ይያዝልን አላለችም። "አንጀቱ በሆዱ ላይ ወጥቶ ቆሞ የሚሄድ ሰው ታውቂያለሽ?" አለቻት።

"ብዙ አውቃለሁ።"

"ሞያሌ የሚመጣስ?"

ሐኪሟ ወደዚያ የሚመላለስ አንድ ሰው አስፈቅዳ መልሳ እንደምትደውል ነገረቻት። የደወለው ግን ሰውየው ራሱ ነው። ፍራንሲስ ይባላል፤ ከኢሲዮሎ በኩል ሲሚንቶ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሐሙስ ሞያሌ እገባለሁ፣ ምሳ ካለ እመጣለሁ አለ።

ምሳ ነበር። ፍራንሲስ ወፍራም፣ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው። ሩዙን በሥጋ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ። ጋልጋሎ አፉን ሳይሆን ሆዱን ነበር የሚያየው። ከሸሚዙ ሥር ምንም አይታይም።

"በል እንግዲህ" አለ ፍራንሲስ እጁን ታጥቦ። "ዶክተር አሳየው ብላኛለች፤ ዛሬ ከውጭ የሚያሳየውን ከረጢት አድርጌ ነው የመጣሁት።" ሸሚዙን ገለጠ።

ጋልጋሎ ተነሳ። ከማሰሮው ውኃ ቀድቶ እጁን ታጠበ፤ ማንም እንዲነካ አልጋበዘውም፤ ልማድ ሆኖበት ነው። ከዚያ አጎነበሰ። በከረጢቱ ውስጥ ከእምብርቱ በስተቀኝ ቀይ፣ እርጥብ፣ እንደ ጽጌረዳ እንቡጥ ያበጠ ሥጋ ይታያል። ጋልጋሎ ዓይኑን ተክሎ ሳለ እንቡጡ ኩምትር ብሎ መልሶ ተዘረጋ። ጋልጋሎ ወደ ኋላ ተስፈነጠረ።

"ይንቀሳቀሳል!"

"የጠዋት ቻፓቲዬ ነው" አለ ፍራንሲስ። "ሩዙ ገና መንገድ ላይ ነው።"

ጋልጋሎ መልሶ ቀረበ። ቢፍቱ ከብት ሲገዛ እንኳ እንዲህ አተኩሮ ሲያይ አይታው አታውቅም።

"አንባቢ ነህ አሉኝ" አለ ፍራንሲስ። "ምን ይላል? ጎማዬ ይፈነዳል?"

"ምንም አይልም" አለ ጋልጋሎ። "ሥራ ላይ ነው።"

ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ ሆነ። ይሸታል ወይ? በደንብ ካልተለጠፈ ይሸታል። በሆድ መተኛት? አይመችም። ጭነት ማንሳት? ይቅርብህ። የሽማግሌ ስብሰባ መሐል ድምፅ ቢያሰማስ? ያሰማል፤ ጎንህ የተቀመጠውን ዞር ብለህ እየው። ኋላ ጋልጋሎ ቢፍቱን ውኃ አምጪ ብሎ ላካት፤ ውኃው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ወጣች። ጥያቄውን ገመተችው፤ መልሱን አልሰማችም። ሁለቱ ወንዶች ሲስቁ ግን ሰማች።

ፍራንሲስ ሲሄድ በር ላይ ቆሞ የማይቀልድበትን አንድ ነገር ተናገረ። "የኔ ጉበት ጤነኛ ነው፣ ወንድሜ። የታመመው አንጀቴ ብቻ ነበር። ያንተን ነገር እኔ አላውቅም፤ ዶክተሯን ጠይቃት።"

ጋልጋሎ ፍየሉ አጠገብ ተቀመጠ። "ከረጢቱን ነው የምመርጠው" አለ።

"ዶክተሯ ይደማል ብላለች" አለች ቢፍቱ።

"ውስጥ ያለው ቋት ሲቆስል አላየውም። ይኼ ሲደማ አየዋለሁ። የማላየውን ነገር ደግሞ እኔ ማንበብ አልችልም።"

ከዚያ ተነስቶ ለሶራ ደወለና ፍየሉ ቤቱን አውቋል አለ።

ሰውየው ወስኗል፤ የቀረው ሽማግሌዎቹ ናቸው። የእነሱን ቃል ሳይዝ ቢሄድና ቢላው ቢገድለው፣ ያለ ምርቃት የወጣ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ ወቀሳው ደግሞ የሚቀመጠው ቢፍቱ ላይ ነው። ይህን ጋልጋሎም ቢፍቱም ያውቃሉ። ሁለቱም ፍየሉን ይዘው ወደ ቡቲዬ በእግር ሄዱ። ፍየሉ ሳይጎትቱት ተከተላቸው።

አንጀቱ ተዘረጋ። ሶራ በወንድሙ ትከሻ ላይ ዘንበል ብሎ ያያል፤ እሱም ከአባታቸው ጥቂት ተምሯል። ቢፍቱ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። የጋልጋሎ ጣት ከዳር ተነስቶ በመንገዱ ዞረ፣ ወደ መሐል ገባ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆመ። ከዚያ እንዳልቆመ ሁሉ አለፈ።

"መንገዱ ክፍት ነው" አለ ጋልጋሎ። "እስከ ናይሮቢ።"

ሽማግሌዎቹ ወደ ሶራ ዞሩ። ሶራ አንጀቱን አየ፣ ወንድሙን አየ፣ ቢጫ ዓይኑንና የከሳ አንገቱን አየ።

"ክፍት ነው" አለ።

"ይኸው!" አለ ሀላኬ። "ፍየል እንዲህ ነው፤ ለሁለት ወር ያህል ልብስ ካልበላ ቁም ነገር አይናገርም።" ሳቁ። መረቁት። ሥጋው ተጠበሰ። ቢፍቱ ሆዴን አሞኛል ብላ አልበላችም።

ሲመሽ ሶራ እስከ አጥሩ ሸኛት። ጋልጋሎ ቀድሞ ሞተር ብስክሌት ሊጠራ ሄዷል።

"አባ ሊበን" አለችው። "መሐሉ ላይ ጣቱ ቆሞ ነበር። ምን ነበር ያያችሁት?"

"ሆድ ይፍጀው፣ የሻሮን እናት።"

"ታዲያ እርስዎ ለምን ክፍት ነው አሉ?"

ሶራ በበትሩ መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። "ሰውየው ሊሄድ ተነስቷል" አለ። "ለተነሳ ሰው መንገዱ ክፍት ነው ይባላል እንጂ ሌላ ምን ይባላል?"

ቢፍቱ ከዚያ ወዲያ ሶራን አልጠየቀችም። ባሏንም አልጠየቀችም። ሞተሩ ላይ ከኋላው ተቀምጣ፣ እጇን ሆዱ ላይ ሳታሳርፍ ወገቡን ይዛ ተመለሰች፤ በማግሥቱም ለዶክተር ሜርሲ ደውላ ቀን አስያዘች።

ቀዶ ጥገናው የተደረገው በመጋቢት ነው። ከወጣው አንጀት ውስጥ ካንሰር ጀምሮ ተገኘ፤ ግድግዳውን አልፎ አልወጣም ነበር። ጋልጋሎ ከዚያ በኋላ ከብት አሻሻጠ፣ ሻሮንን ዳረ፤ የአንጀቱ አፍ ዙሪያ ደምቶ ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ተኛ። በጉበቱ የሞተው በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው፤ የተቀበረውም ቡቲዬ ነው።